መጥረጊያዋ በሦስት ሰዓት ተነሳች

በዚያ ጠዋት መቱ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ፣ ከቡፌው አጠገብ ቆማ፤ በገዛ ቤቷ ነጠላዋን እንደ እንግዳ አጣፍታ ነበር። አጎቴ፣ የሟቹ አባታችን ታላቅ ወንድም፤ ከሶር በኩል ቡናቸውን ለጠባቂ ትተው በዋዜማው መጥተው አድረዋል። ከበሩ እልፍ ብለው የቆሙ ሦስት ሽማግሌዎች፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ሁለተኛው ከኖፓ የመጡ ረጅም ገበሬ ከነዱላቸው፣ ሦስተኛው መቱ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አገራቸው ቡታጅራ በኩል የሆነ ነጋዴ። እህቴ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች፤ ሽማግሌ የመጣው ለእሷ ስለሆነ እንደሌለች ነበር የምትቆጠረው። እኔ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ። ስምንተኛዋ ከቡፌው ሥር ተኝታ ነበር፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ከትሪ የማትሰፋ፣ በራሷ እየዞረች ቤት የምትጠርግ ማሽን።

ስም አልጽፍም። ሁሉም በሕይወት አሉ፤ መቱ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከነገ ወዲያ ገበያ ላይ እንገናኛለን።

ማሽኗን ያመጣቻት እህቴ ናት። አረብ አገር በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ለሁለት ወር ፈቃድ ስትመጣ ከያዘቻቸው ሁለት ሻንጣዎች የአንዱን ግማሽ የያዘችው ማሽኗ ነበረች። ማዳሟ ወለል ጭምር የሚወለውል አዲስ ማሽን ስትገዛ አሮጌዋን ሰጥታት ነው። ሻንጣው ሲከፈት እናቴ ብርድ ልብስ ነበር የጠበቀችው።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አለች።

"ባልደረባዬ ናት" አለች እህቴ። "ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል።"

ማሽኗ የተገዛች ዕለት ማዳሟ "ከእንግዲህ ታርፊያለሽ" ብላት እንደነበር ነገረችን። ከዚያ በፊት እህቴ የምታጸዳው ቤቱን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቤቱንም ማሽኗንም ሆነ። ከፊቷ ገመድ ታነሳለች፣ የምንጣፍ ጫፍ ታጥፋለች፣ ብሩሿ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር በመቀስ ትቆርጣለች፣ ሆዷን ታራግፋለች፣ አልጋ ሥር ገብታ ስትቀር በደረቷ ተኝታ ትጎትታታለች። ማዳሟ ታዲያ ለጎረቤት "ቤቴን ማሽን ነው የሚያጸዳው" ትል ነበር።

እኛ ቤት ስትገባ እጣዋ ተለወጠ። እናቴ ማሽኗ ከመነሳቷ በፊት ቤቱን በእጅ መጥረጊያ አጥርታ ትጠርጋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "በቆሻሻ ቤት ላይ ልልቀቃት እንዴ? ከሰው አገር መጥታ ምን ትለናለች?" አለችኝ። ማሽኗም በተጠረገው ላይ አርባ ደቂቃ ትዞራለች። ስትጨርስ እናቴ የቆሻሻ መያዣዋን ከፍታ ታያለች፤ ከጥፍር የማይበልጥ አቧራ ታገኛለች። "ከዚህ ሁሉ ጩኸት በኋላ ይቺን?" ትላለች፤ በድምጿ ግን ማሸነፍ አለ።

የማሽኗን መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ቴሌቪዥን የምጠግንባት ክፍል አለችኝ፤ ሥራውንም የተማርኩት መመሪያ በማንበብ ስለሆነ፣ ማንም የማያነባቸውን ገጾች ሳልዘል ማንበብ ልማዴ ነው። ደረቅ አቧራ፣ የድመት ፀጉር፣ የብስኩት ፍርፋሪ ይላል። የመቱ ጭቃ የለበትም። የእኛን ጭቃ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ከዓመቱ ውስጥ የማይዘንብበትን ወር መቁጠር ከሚዘንብበት ይቀላል፣ ጭቃውም ከጫማ ጋር ቤት ይገባል፣ ደርቆም ይወጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ለማሽኗ ስንል ጫማችንን በረንዳ ላይ ማውለቅ ጀመርን። ቀጥሎ እናቴ ጎረቤቶቿን ማስወለቅ ጀመረች። ጎረቤቶቿም ማሽኗን ለማየት ስለሚፈልጉ ያወልቁ ነበር፤ ሁለተኛ ለማየት ግን ብዙ ሰው አልመጣም። የሰፈሩ ልጆች "ቆጫ" አሏት፤ በኦሮምኛ ኤሊ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከፋብሪካ ስሟ ይህኛው ይሻላታል።

ሁለት ነገር ስለ እሷ ልጨምር። አንደኛው ካርታዋ ነው። ቤቱን ዞራ ስትጨርስ የክፍሎቹን ቅርጽ በእህቴ ስልክ ላይ ትሥላለች፤ ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ የቡፌውን አራት እግር ሳይቀር። ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አምጥታ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። "እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ስንት ዓመት ያመላለሰኝን ካርታ ይቺ በአንድ ጠዋት ሰጠችኝ" አለች። ወስጄ ላሳያቸው ወይ ብላ የጠየቀችኝ እየቀለደች ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለተኛው ድምጿ ነው። ማሽኗ በሴት ድምፅ አረብኛ ትናገራለች፤ ጀመርኩ፣ ጨረስኩ፣ ደከመኝ ትላለች። ወደ ሌላ ቋንቋ ልለውጠው ብዬ ስፈልግ አማርኛም ኦሮምኛም አልነበራትም። እህቴም ተወው አለችኝ።

"ስድስት ዓመት በዚህ ቋንቋ ስታዘዝ ኖሬያለሁ" አለች። "አሁን ደግሞ እሷ ለእኔ ሪፖርት ታድርግ።"

ጋብቻውንም ያመጣው ይኸው ዕቃ ነው። የማሽኗ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለነበር የእኛ ግድግዳ ላይ አልገባ አለ። እህቴ ማከፋፈያ ልትገዛ ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሄደች። ባለቤቱ ከቡታጅራ በኩል መጥቶ መቱ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ትርፍ ንግግር የሌለው ሰው ነው። የመጀመሪያው ማከፋፈያ ላላ አለ ብላ መለሰችው። ሁለተኛው ገመዱ አጠረ። ሦስተኛው ለምን እንደተገዛ አልተነገረኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአንዲት ማሽን አራት ማከፋፈያ ገዛች። ቤታችን ውስጥ ያለው ሶኬት ሁለት ነው።

ሰውየው ሽማግሌ እንደሚልክ በታወቀ ጊዜ የእህቴ ፈቃድ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የማሽኗን ብሩሽ እያጸዳች ነገሩን ነገረችኝ።

"ቃል ከተሰጠ ትኬቱን እተወዋለሁ" አለች። "ካልተሰጠ እሄዳለሁ። ውሉ ሦስት ዓመት ነው። በቀኑ ካልተመለስኩ ፈቃዱ ይቃጠላል፤ ያለ ሥራም ያለ ቃልም እዚህ ቁጭ ብዬ ማንን ልጠብቅ?"

"ሦስት ዓመት ይጠብቅሽ ይሆናል።"

"ሱቅ ያለው ሰው?" አለች። "በየቀኑ ሰው የሚገባበት ሱቅ?"

"ማከፋፈያ የሚገዛ ሁሉ—"

"ዝም በል!" አለችና ብሩሹን ወረወረችብኝ። ከዚያ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። "ስመለስ ሠላሳ አራት ይሞላኛል" አለች። "እማማም እዚህ፣ እኔም እዚያ።"

ቃል የሚሰጡት አጎቴ ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከቡናቸው ሳይሰስቱ ያሳደጉን እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸውን አልፎ ማግባት እህቴም አታስበውም። ሰውየውንም አልጠሉትም፤ እንዲያውም "ጨዋ ነው፣ ሚዛን አያጭበረብርም" ብለው ነበር። ችግሩ ሥርዓቱ ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመጣል። አንዴ ሲመጣ እናስብ ይባላል፣ ሁለተኛ ሲመጣ ዘመድ እንጠይቅ ይባላል፣ ሦስተኛ ሲመጣ ቃል ይሰጣል። ጊዜው ደግሞ ቡናው ሊቀላ የተቃረበበት ነበር፤ ኢሉባቦር ውስጥ ከልቅሶ በቀር ቡና ለቀማን ቀድሞ የሚሄድ ጉዳይ የለም።

"ሁለተኛውን ከለቀማ በኋላ ይምጡ እላቸዋለሁ" አሉ አጎቴ በዋዜማው።

"ጋሼ፣ ከለቀማ በኋላ እኮ ልጅቷ የለችም" አለች እናቴ።

"እንግዲያማ ትምጣ።"

"ከየት?"

"ከሄደችበት ነዋ!" አሉ። "ሴት ልጅ በትኬት ቀን አትዳርም። ነገ ሰው ምን ይላል? ቸኩለው ሰጡ ይላል። ለምን ቸኮሉ ይላል። ይቺን ልጅ የሚጠይቃት ጠፍቶ ነበር ይላል።"

እናቴ ተነስታ ለጠዋት ሳር የሚቆረጥበትን ቦታ ልታሳየኝ ወጣች።

ያን ማታ ሁላችንም አንድ ነገር ማድረግ እንፈልግ ነበር፤ እኔ ያደረግኩት የማይፈለገውን ነው። ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጥተው ከምሳ በፊት ይሄዳሉ። ሳሩና ጭቃው ለእናቴ ይቀራል። እኔ ከሰዓት ሥራ አለኝ። ስለዚህ ማሽኗን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራሷ እንድትነሳ ልሙላት አልኩ። እስከዚያ ቀን በቁልፏ ነበር የምናስነሳት፤ የሰዓቱ ነገር መመሪያው ላይ አራት ገጽ አለው፣ ማንም አልሞከረውም። የእህቴን ስልክ ተቀብዬ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ሦስት ጊዜ መለስ ብዬ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ ዘጠኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በዝናብ ደረሱ። ሽማግሌ ጫማ አውልቅ አይባልም፤ ስድስት ጫማ ጭቃ ይዘው እናቴ በጎዘጎዘችው ሳር ላይ ቆሙ።

"ታኣ፣ ታኣ፤ ተቀመጡ እንጂ" አሉ አጎቴ ሶፋውን እያሳዩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ፣ ቃል ሳይሰጠን አንቀመጥም" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ይህም ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ጉልበቱ መቆሙ ነው፤ ቃል ካላገኘ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም፣ ባለቤቱም ሰው አቁሞ ማዋል ያሳፍረዋል። አጎቴ ግን የሚያፍሩ ሰው አይደሉም። ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ኖፓ መንገድ ጠየቁ፣ የኖፓው ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆኑ እስከ አራተኛ አያታቸው አስቆጠሯቸው። የጨርቅ ነጋዴው ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላ ሲያዛውሩ አየሁ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ጉዳያቸውን አቀረቡ፤ አጭርና የተስተካከለ ነበር፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ እንደሚናገሩት። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሰምተናል" አሉ። "ደግ ነገር ይዛችሁ መጥታችኋል። እንግዲህ እንደምታውቁት ለቀማ ደርሷል፤ ከለቀማ በኋላ—"

ከቡፌው ሥር አንዲት ሴት በአረብኛ ተናገረች።

ሁሉም እናቴን ተመለከቱ፤ እናቴ እኔን ተመለከተች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከትኩ። ልክ ሦስት ሰዓት ነበር። ደንበኞቼን ሁሉ "የስልኩ ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ ስድስት ደምሩ፣ ስድስት ቀንሱ" ስል የኖርኩ ሰው፣ ማሽኗ በተሠራችበት አገር ዘጠኝ የሚባለው የእኛ የጠዋት ሦስት መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ። እሷ አልተሳሳተችም። በዘጠኝ ተነሺ አልኳት፤ በዘጠኝ ተነሳች።

"አረብኛ ነው" አሉ የጨርቅ ነጋዴው ጆሯቸውን አዘንብለው። "የቁርኣኑ ግን አይደለም።"

"ኩን ማሊ?" አሉ የኖፓው ሽማግሌ። "ምንድን ነው ይሄ? ቡፌ ሥር ሰው አለ?"

ማሽኗ ወጣች። ሳሩ ከብሩሿ እየተጠመጠመ ከኋላዋ አረንጓዴ ጅራት ይጎተታል። ይህች ዓይነት ማሽን ብዙ ቆሻሻ ያገኘችበት ቦታ ላይ ደጋግማ እንድትመለስ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ቆሻሻ የነበረው የሽማግሌዎቹ እግር ሥር ነው። እናታችን የጠረገችውን ሁሉ ትታ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ኩሬ እንደሚያልፍ ሰው አንድ እግራቸውን አነሱላት። የጨርቅ ነጋዴው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። የኖፓው ሽማግሌ ግን ዱላቸውን ከፊቷ ተከሉ። ዱላውን ነካች፣ ዞረች፣ በሌላ በኩል መጣች። ዱላውን አዛወሩ። እሷም ዞረች። ቁርጭምጭሚታቸውን ስትነካቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ከኋላቸው ሶፋው ነበር።

ተቀመጡ።

አጎቴ ፊታቸው በራ።

"ተቀመጡ!" አሉ። "አያችሁ፣ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ቃል ሳይሰጥ ተቀመጡ። እንግዲህ የዛሬው ፈርሷል፤ ከለቀማ በኋላ በደንብ ቆማችሁ ትመጣላችሁ።"

"ናን ኩፌ መሌ፣ ሂን ቴኜ" አሉ የኖፓው ሽማግሌ እንደተቀመጡ። "ወደቅሁ እንጂ አልተቀመጥሁም።"

"የወደቀ ሰው እግሩን አነባብሮ ነው?"

"ሲወድቁ ያለውን እግር ማን ያስተካክላል!"

እኔ መነሳት ነበረብኝ። አንዲት ቁልፍ ብጫን ይበቃ ነበር። ነገር ግን ቁልፏ በዚያች ሰዓት በሁለት ሽማግሌዎች እግር መሃል ነበረች፤ ቃል እየተጠበቀ በሽማግሌ እግር መሃል በአራት እግር መግባት ከማሽኗ የባሰ ነውር መሰለኝ። ይህን ሳስብ ማሽኗ ከሶፋው ሥር ገባች፤ ሳሩ አንቆ ያዛት፤ ያው የሴት ድምፅ አንድ ቃል እየደጋገመ ይጣራ ጀመር።

መጋረጃው ተከፈተና እህቴ ወጣች። ወስና ያደረገችው አይመስለኝም። ሦስት ዓመት በዚያ ድምፅ ተጠርታ ስለተነሳች ነው የተነሳችው፤ መታየት እንደሌለባት ያስታወሰችው ሶፋው ሥር ተንበርክካ ማሽኗን ከጎተተቻት በኋላ ነበር። ፀጉሯ በግማሽ ነበር የተሠራው። ገለበጠቻት፣ ብሩሹን ፈታችው፣ ሳሩን በሁለት ጣት መዝዛ አወጣችው፣ መልሳ ገጠመችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አምስት ትልልቅ ሰዎች ከላይ ቆመው፣ አንዱም ተቀምጠው ያዩዋታል። አምስት ያልኩት እኔንም ቆጥሬ ነው፤ ያኔ ተነስቼ ነበር።

"ልጄ፣ ምን ነበር የምትለው?" አሉ ርዕሰ መምህሩ በጣም ቀስ ብለው።

"'ተያዝኩ' ነው የምትለው፣ ጋሼ" አለች። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለአጎቴ፣ ቀና ሳትል፣ "ጋሼ፣ እኔ ከለቀማ በፊት ነው የምሄደው" አለች።

"ግቢ" አሉ አጎቴ።

ገባች። ማሽኗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ስለ ትኬቱ እስከዚያ ደቂቃ አያውቁም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሲያሰላስሉ፣ የኖፓው ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱና የአጎቴን ዓይን ዓይን እያዩ ነገሩን በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዱ።

"ወንድሜ" አሉ፣ "ሽማግሌ የሚቀመጠው ቃል ሲሰጠው ነው አይደል? ተቀምጠሃል ካልከኝ ቃል ሰጥተኸኛል ማለት ነው፤ እልል ይባል። ወድቀሃል ካልከኝ ደግሞ አልተቀመጥኩም፣ የፈረሰ ነገር የለም። የቱን ትላለህ?"

አጎቴ የሚመርጡት አጡ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው የሚናደድ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የተደሰቱ መሰሉ። ከሶር በኩል ሲመጡ እንደዚህ የሚከራከራቸው ሰው አገኛለሁ ብለው አላሰቡም መሰለኝ።

"ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ ሥርዓት አላፈርስም።"

"ልክ ነው፣ አይፈርስም" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "ሦስት ጊዜ። በስንት ቀን ውስጥ ነው የሚለው?"

"በስንት ቀን... በስንት ቀን አይልም።"

"አይልም?"

"አይልም፤ ያውም ድሮ ሰው ከሩቅ ስለሚመጣ..."

"እንግዲህ ከሩቅ እንመጣለን" አሉና ኮታቸውን ቆለፉ። ሌሎቹ ሁለቱም ተከትለዋቸው ወደ ዝናቡ ወጡ።

እስከ ውጪው በር ሄዱ፤ የቆርቆሮው በር ሲዘጋ ሰማን። እናቴ "ተቀይመው ሄዱ" ብላ ልትጮህ ስትል በሩ ተንኳኳ። ሄጄ ከፈትኩ። ሦስቱም እንደ አዲስ ሰላምታ ሰጡኝ፣ ጤንነቴን ጠየቁኝ፣ የቤተሰቡን ጠየቁኝ። አጎቴ ሳሎን መሃል ቆመው ተቀበሏቸው።

"በሰላም ነው? ምን እግር ጣላችሁ?"

"ባለፈው የተነጋገርነው ጉዳይ ነበር" አሉ የጨርቅ ነጋዴው፤ ውኃው ከቆባቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"አዎ፣ ባለፈው" አሉ አጎቴ። "አስበንበታል። ዘመድ መጠየቅ ይቀረናል።"

"ደግ ነው። ጠይቁ። እንመለሳለን።" ወጡ።

አጎቴ የዚህን ጊዜ መጋረጃውን ገልጠው ጓዳ ገቡ። ብዙ አልቆዩም። ሲወጡ ከእናቴ ፊት ቆሙና "ዘመድ ጠይቄያለሁ" አሏት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

ሦስተኛው ማንኳኳት ከሁለተኛው ረዘም ያለ ነበር፤ በርግጥ ከሩቅ የመጡ ያስመስል ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ሳሩ ከዚያ ወዲያ ሳር አይባልም። አጎቴ ልብሳቸውን አስተካክለው "ልጅቷ ልጃችሁ ናት፤ ተቀመጡ" አሉ፤ ተቀመጡ፤ ሶፋው እስከ ሦስተኛው ቀን አልደረቀም።

እናቴ ወለሉን ያን ቀን ራሷ አጠበችው፤ ማሽኗን ላበድርሽ ብላት እህቴ በዓይኗ መለሰችልኝ። የትኬቷ ቀን ሲደርስ እህቴ ሱቁ ውስጥ ነበረች፤ አንድ የሞረዳ ሰው ማከፋፈያ ሊገዛ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ስለ ገመድ ርዝመት ስታስረዳው አገኘኋት። አሁን ሰርጉ ካለፈ ቆይቷል። ማሽኗ ከእሷ ጋር ሄዳለች። ለሱቁ አልጠቀመችም፤ ከሚገባው ደንበኛ ሁሉ እግር ሥር አልነሳ ትላለች።

ይህን የጻፍኩት ነገሩ እየተለወጠ ስለሄደ ነው። አጎቴ ዛሬ ሲያወሩት ሽማግሌ ሦስት ሳምንት እንዳመላለሱ አድርገው ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ነበረ ይላሉ፣ ይህ እውነት ነው። የጨርቅ ነጋዴው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ ይላሉ። የኖፓው ሽማግሌ በሕይወታቸው አንዴም ወድቀው እንደማያውቁ ሰምቻለሁ። እናቴ ደግሞ በመጨረሻ አጎቴ እንባ አውጥተዋል ትላለች፤ እኔ የዝናብ ውኃ ነው ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ያን ጠዋት ከቤት አልወጡም።

እኔ በርጩማው ላይ ሆኜ ያየሁትን ያህል ጽፌያለሁ። የማላውቀው አጎቴ መጋረጃውን ገልጠው ጓዳ ሲገቡ ምን እንደተባለ ነው። እህቴን ስጠይቃት ትስቃለች። አጎቴ "ዘመድ ጠየቅኩ" ብለው ያልፉታል። እናቴ ቅርብ ስለነበረች ትንሽ ሳትሰማ አትቀርም። ሽማግሌዎቹም ውጪ በሩ ሥር ቆመው ምን ሲባባሉ እንደነበር፣ ሦስተኛውን ማን እንዳንኳኳው ልነግራችሁ አልችልም። እዚያ የነበራችሁ፣ የሳትኩትን አርሙኝ፣ የጎደለውንም ሙሉልኝ፤ ጋሼ፣ በተለይ እርስዎ። ምን ብለው ጠየቋት?